ውስኪ በጎንደር ድግስ ላይ፦ ጠርሙሱ ስለ እኛ ምን ይናገራል?

የቀሃው ልጅ | ጥር 16፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጥምቀት አልፎ የሠርጉ ወቅት ገብቷል። በእኛም ቤት የታናሽ ወንድሜ ሠርግ ከዐቢይ ጾም በፊት እንዲሆን ተቆርጧል። ትናንት ማታ ከእናቴና ከሁለት አጎቶቼ ጋር ተቀምጠን የድግሱን ዝርዝር ስንጽፍ አመሸን። ሰንጋ፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ጌሾ፣ ማር እያልን ስንወርድ ታላቁ አጎቴ ብዕሩን ከእጄ ወስዶ በራሱ እጅ «ውስኪ 12 ጠርሙስ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ዋጋውን ስናሰላው ከሰንጋው ጋር ተስተካከለ።

በእኛ ቤት ውስኪ የሚጠጣ አንድ ሰው የለም። አጎቴ ራሱ ከጠላ በቀር አይቀምስም። «ታዲያ ማን ይጠጣዋል?» ብዬ ጠየቅሁት። «የሚጠጣው ሰው አላሳሰበኝም፤ የሴቷ ወገኖች ጠረጴዛው ላይ ሊያዩት ይገባል» አለኝ።

ይህ አነጋገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከአልጋዬ ተነሥቼ ሳሎን ገባሁና ቡፌውን አየሁት። ከመካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕልና ከአባቴ ፎቶግራፍ መካከል፣ አንድ ባዶ የውስኪ ጠርሙስ አለ። አራት ማዕዘን ነው፤ ወረቀቱ ዘመም ብሎ ተለጥፏል፤ ረጅም ባርኔጣ ያደረገ ሰው ከዘራ ይዞ ይራመድበታል። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እዚያው ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና መምህር ነበር፤ መጠጥ ብዙም አይወድም ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውም ከተጠጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። እናቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ብርጭቆዎቹን ስትወለውል እሱንም አውርዳ፣ አንገቱንና ትከሻውን በጨርቅ አሽታ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ልጅ ሳለሁ በኳስ ልሰብረው ቀርቼ የተቆጣችኝን ቁጣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እስኪ ንገሩኝ። ይህ ነገር ክብርን ከየት አገኘ? በጠጅና በጠላ አገር ላይ እንዲህ ከፍ ብሎ የተቀመጠው እንዴት ነው? እናንተስ መጀመሪያ ያያችሁት የት ነው?

---

የአራዳዋ | ጥር 16፣ ከምሽቱ 3፡05

የእኔ እህት ስትዳር ሽማግሌዎቹ ሁለት ውስኪ በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው ይዘው መጡ። እናቴ ተቀብላ ሳትከፍት ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባቻቸው። ከሦስት ወር በኋላ አንዱ የአጎቴን ልጅ ለመዳር ሄደ። ሁለተኛው የት እንደ ደረሰ እግዚአብሔር ይወቅ፤ አሁንም ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ይሆናል። ስለዚህ አጎትህ የተናገረው እውነት ነው፤ ይህ ዕቃ ለመታየት የሚገዛ ነው።

---

ማሲንቆ ወዳድ | ጥር 16፣ ከምሽቱ 3፡30

ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው የአዝማሪ ቤቱን ነው።

ሰዉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠጁን በብርሌ ይዟል። አዝማሪው ከአንዱ ወደ አንዱ እያለ ለዚህ ስለ አገሩ፣ ለዚያ ስለ ፍቅረኛው ይገጥማል። በዚህ መካከል አንድ ሰው ገብቶ «ውስኪ አውርድልኝ» ሲል ማሲንቆው ወደ እሱ ይዞራል። ጠርሙሱ ገና አልተከፈተም። አዝማሪው የሰውየውን ስም እንኳ አያውቅም፤ ከጎኑ ያለው ሰው በጆሮው ሹክ ይለዋል። ወዲያውኑ ያ ሰው ጀግና ይሆናል፣ ደግ ይሆናል፣ የደጃዝማች ዘር ይሆናል። እኔ ከጓደኛዬ ጋር ከመግቢያው ጀምሮ ተቀምጬ፣ ሦስተኛ ብርሌዬን ይዤ፣ አንድ ስንኝ ብቻ ነው የደረሰኝ።

አዝማሪውን ለመውቀስ አይደለም፤ የዕለት ጉርሱ ነው። አያቴ ሲነግሩኝ ግን በእሳቸው ዘመን የሚወደሰው ሰው በሥራው ነበር፤ የዘመተ፣ የተጣላ ያስታረቀ፣ በችጋር ዘመን ጎተራውን የከፈተ። አሁን ጠርሙሱ ያን ሁሉ ተክቶ ይቆማል። አንድ ምሽት ከቡርቧክስ የመጡ ሸምገል ያሉ አዝማሪ ግን ውስኪ ወደ ያዘው ሰው ቀርበው፣ ሳያስቀይሙት፣ እንዲህ አሉ፦

ጠርሙሱ ቢያበራ ከሩቅ አገር መጥቶ፣
እኔን ያሳደገኝ የናቴ ጋን ሞልቶ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ባለ ውስኪው ራሱ ተነሥቶ መቶ ብር ግንባራቸው ላይ ለጠፈላቸው።

---

ስደተኛው ጎንደሬ | ጥር 17፣ ከንጋቱ 12፡50

እንደምን ከረማችሁ ወገኖቼ። አድጌ የተማርኩት አዘዞ ነው፤ አሁን የምኖረው ግላስጎው፣ ስኮትላንድ ነው። አውቶቡስ ነው የምነዳው። የቡፌህ ጠርሙስ የትውልድ ከተማ ከእኔ ቤት ብዙም አይርቅምና ይህን ጥያቄ ሳልመልስ ወደ ሥራ ልሄድ አልችልም።

ኪልማርኖክ ትባላለች። ውስኪው ስሙን ያገኘበት ጆን ዎከር የተባለ ወጣት በ1820 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ የከፈተባት ከተማ ናት። አራት ማዕዘኑ ጠርሙስ የመጣው በ1860 ነው፤ በሣጥን ሲደረደር ቦታ አይፈጅም፣ በመርከብ ሲጫንም ብዙ አይሰበርም። ወረቀቱ 24 ዲግሪ ዘመም ያለው ፊደሉ ጎላ ብሎ ከሩቅ እንዲነበብ ነው። እናትህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወለውሉት የሚራመደው ሰውዬ ደግሞ በ1908 ቶም ብራውን የተባለ ሠዓሊ የሣለው ነው። ረጅም ባርኔጣ፣ ባለ አንድ ዐይን መነጽር፣ ቡትስ ጫማ፣ ከዘራ። ሱቅ ጠባቂ የነበረው ሽማግሌ ሞቶ ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው እንዲህ መኳንንት ተደርጎ የተሣለው። ሥዕሉ የሚያሳየው ባለ ሱቁን ሳይሆን ገዢው መሆን የሚመኘውን ሰው ነው።

ከዚያ በፊት ውስኪ የመኳንንት መጠጥ አልነበረም። የተራራ ገበሬዎች ከግብር ሰብሳቢ ተደብቀው በየጎድጓዳው የሚያወጡት ነገር ነበር፤ ልክ እንደ እኛ ካቲካላ። ስሙም «ኡሽከ ቤሃ» ከሚለው የጌሊክ ቋንቋ አጠራር የመጣ ነው፤ የሕይወት ውሃ ማለት ነው። ስለ እሱ የተጻፈው ጥንታዊው የስኮትላንድ መዝገብ የ1494 ነው፤ ጆን ኮር ለተባለ መነኩሴ የሕይወት ውሃ ያወጣበት ዘንድ ብቅል ተሰጠው ይላል። መነኩሴና ብቅል! ይህን ሳነብ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጃፍ የቆምኩ መሰለኝ።

ታዲያ ክብሩ ከየት መጣ? ሁለት ነገር ልጥቀስ። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ግሌንሊቬት ከሚባለው ሸለቆ የሚወጣውን ውስኪ ይምጣልኝ አለ። ያን ጊዜ የሸለቆው ውስኪ ሕገ ወጥ ነበር! ንጉሥ ከጠጣው ማን ይነውረዋል? በማግስቱ ዓመት ሕጉ ተሻሻለ፤ ፈቃድ እያወጡ በይፋ ማምረት ጀመሩ። ሁለተኛው የፈረንሳይ ወይን በሽታ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ አንዲት ትንሽ ነፍሳት የወይኑን ሥር እየበላች ማሳውን ሁሉ አጠፋችው። የለንደን ባለጸጎች የሚጠጡት ኮኛክ ከገበያ ሲጠፋ የስኮትላንድ ነጋዴዎች ውስኪያቸውን ይዘው በባዶው ወንበር ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ መኮንን፣ የቅኝ ገዢ ሹም፣ የባቡር ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ በሄደበት ሁሉ ጠርሙሱም አብሮት ሄደ። ዓለም ጠርሙሱን ያወቀው በገዢ እጅ ላይ ሳለ ነው። የሹመት ምልክት ሆኖ የቀረው ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ አገር ግን የማየው ሌላ ነው። ከሥራ የወጡ ሽማግሌዎች የቀለም ነጠብጣብ ያለበት ቱታቸውን እንደ ለበሱ፣ አንድ መለኪያ ውስኪና ግማሽ ብርጭቆ ቢራ ይዘው፣ ስለ እግር ኳስ ሲከራከሩ ያመሻሉ። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ኪልማርኖክ የነበረው ፋብሪካም በ2012 ተዘግቷል። የሚራመደው ሰውዬ ዓለምን እየዞረ ነው፤ የተወለደበት ከተማ ሰው ግን ሥራ አጥቷል።

---

የቀሃው ልጅ | ጥር 17፣ ከረፋዱ 4፡10

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፍከውን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ሱቁ ስትሰማ «ባለ ሱቅ ነው እንዴ? እኔስ ንጉሥ መስሎኝ ነበር» አለች።

---

መምህር ዘቁስቋም | ጥር 17፣ ከቀኑ 8፡15

ልጆቼ፣ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ስኮትላንድና ጎንደር የተገናኙት በጠርሙስ ብቻ አለመሆኑን ላስታውሳችሁ ብዬ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጎንደር የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 መጀመሪያ ነው። የእኛ ሰዎች ያዕቆብ ለማለት «ያጉቤ» እያሉ ይጠሩት ነበር። በከተማዋ ፈንጣጣ ገብቶ ስለ ነበር እቴጌ ምንትዋብ ወደ ቁስቋም ቤተ መንግሥታቸው አስጠርተውት የቤተሰቡን ሕፃናት አስታመመ። እናንተ ዛሬ ፍርስራሹን የምታዩት ግንብ ያኔ ሰው የሞላበት ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ግሽ ዓባይ ደረሰ። ምንጩ ላይ ቆሞ ስለ ንጉሡ ስለ ጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጽዋ አነሣ። ጽዋው የኮኮናት ቅርፊት ነበር፤ የቀዳበትም የምንጩን ውሃ ነው። ከውስኪ አገር የመጣ ሰው፣ በሕይወቱ ትልቁ ቀን፣ ደስታውን የገለጸው በዓባይ ውሃ ነው።

ይህን የማነሣው የመጠጥ ክብር ሰው የሚሰጠው መሆኑን ለማሳየት ነው። በእኛም አገር ጠጅ የመሳፍንት ቤት መጠጥ ሆኖ ስንት ዘመን ኖሯል። ድሀው ጠላውን እየጠጣ የጠጁን ጠረን በአጥር በኩል ያሸት ነበር። ስለዚህ «ድሮ እኩል ነበርን፣ ውስኪ መጥቶ ለያየን» የሚል ካለ ልክ አይደለም። መለያው ተለወጠ እንጂ መለያየቱ የቆየ ነው።

---

ብቅል | ጥር 17፣ ከምሽቱ 1፡20

እርስዎ እንዳሉት ነው ጋሼ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። እናቴ አረቄ አውጪ ናት። ሦስታችንንም ያስተማረችን በእሱ ነው፤ እኔ ዛሬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ወንድማችን ከግላስጎው የጻፈውን ሳነብ ልቤ የቆመው «ብቅል» የሚለው ቃል ላይ ነው።

ውስኪ ከገብስ ብቅል ነው የሚሠራው አላችሁ። እኛ ቤትስ? እናቴ ገብሱን ነክራ፣ በቅጠል ሸፍና፣ ጭራ ሲያወጣ ታሰጣዋለች። ዳቦው ይጋገርና ይፈረፈራል፤ ከብቅሉና ከጌሾው ጋር ተደባልቆ ድፍድፍ ይሆናል። ፍላቱ በርዶ ዝም ሲል ወደ እንስራ ይገባና እሳት ላይ ይጣዳል። አፉ በሊጥ ይመረጋል። ከአፉ የወጣው መቃ ተዘርግቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ጠርሙስ ድረስ ይደርሳል። እኔ የልጅነት ሥራዬ ያ ውሃ ሲሞቅ መለወጥ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሬን በጉልበቴ አስቀምጬ፣ በአንድ እጄ ውሃውን እየነካሁ፣ የማባዣ ሠንጠረዥ አጠና ነበር። ጠብታው መውረድ ሲጀምር እናቴ የመጀመሪያውን ትደፋዋለች። ቀጥሎ ያለውን በማንኪያ ይዛ ክብሪት ትጭርበታለች፤ ሰማያዊ ነበልባል ካሳየ ራሷን ትነቀንቃለች። ደግማ ያወጣችው «ዳግም» ይባላል፤ እሱን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የምትሸጠው።

አሁን ልዩነቱን ልጠይቅ። እዚያ ከእሳት ወርዶ ምን ይደረጋል? እዚህ አንድ መለኪያ በጥቂት ብር ተሸጦ፣ የጠጣውም ሰው ከአረቄ ቤት ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ነው። ያን ጠርሙስ የያዘው ግን አንገቱን ቀና አድርጎ።

---

ስደተኛው ጎንደሬ | ጥር 17፣ ከምሽቱ 4፡00

እህቴ ብቅል፣ የእናትሽን እጅ ሳምሁ።

ልዩነቱ ጊዜ ነው። ስኮች፣ ማለትም የስኮትላንድ ውስኪ፣ ለመባል በዚሁ አገር በኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት መተኛት አለበት። ከእሳት ሲወርድ እንደ እናትሽ አረቄ ውሃ መስሎ ነው የሚወርደው፤ ቀለሙንና ብዙውን ጣዕም የሚሰጠው እንጨቱ ነው። በየዓመቱ ከበርሜሉ ሁለት በመቶ ያህል ተንኖ ይጠፋል፤ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ሦስት ዓመት ሊጠብቅ አይችልም። እናትሽ የልጆቿን ደብተር የምትገዛው በዚያው ሳምንት ሽያጭ ነበር። እዚያ ላይ ነው መንገዱ የተለያየው።

ሌላም ልንገርሽ። አንዳንዶቹ ብቅሉን የሚያደርቁት በረግረግ አፈር ጭስ ነው፤ ጭሱ መጠጡ ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን ዐይኔ እንባ አቀረረ። የእናቴ ጋን በወይራ ሲታጠን ያለውን ሽታ ነው ያስታወሰኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ያልሸተተኝ ነገር ነው።

ስለ እናትሽ ሳስብ ደግሞ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። ሄለን ከሚንግ ትባላለች። ባሏ ካርዱ በሚባል ስፍራ በ1811 እርሻ ተከራየ፤ ውስኪውን የምታወጣው ግን እሷ ነበረች፤ ያለ ፈቃድ። ግብር ሰብሳቢዎቹ ሲመጡ ቤቷን ዳቦ የምትጋግር አስመስላ ትቀበላቸዋለች፤ የእርሾው ሽታ የድፍድፉን ሽታ ይሸፍናል። ምግብ አቅርባ እያበላቻቸው ወጣ ብላ ጎተራው ላይ ቀይ ጨርቅ ትሰቅላለች፤ ጎረቤቶቿ ያዩና የየራሳቸውን ይደብቃሉ። ያ ቤት በ1893 ለማን ተሸጠ መሰላችሁ? ለዎከር ኩባንያ። ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ከኋላው አንዲት የገጠር ሴት አለች፤ ወረቀቱ ላይ አልተሣለችም እንጂ።

አሜሪካም እንዲሁ ነው። የጃክ ዳንኤልን ስም ሁሉም ያውቃል። ጃክን ወጣት ሳለ ውስኪ ማውጣት ያስተማረው ግን ኒረስት ግሪን የተባለ በባርነት የኖረ ጥቁር ሰው ነው። ኩባንያው ይህን በአደባባይ መናገር የጀመረው በ2016 ነው።

---

ባለ ግሮሰሪው | ጥር 18፣ ከጠዋቱ 2፡30

ሁላችሁም ስለ ጠርሙሱ ክብር ጻፋችሁ፤ እኔ ጠርሙሱ ባዶ ከሆነ በኋላ የሚደርስበትን ልንገራችሁ። ስምንት ዓመት በአስተናጋጅነት ሠርቼ አሁን የራሴን ትንሽ ግሮሰሪ ከፍቻለሁ።

ባዶ የቢራ ጠርሙስ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ባዶ የውስኪ ጠርሙስ የሚመለስበት ፋብሪካ የለም፤ ሆኖም ቁራሌው ከሌላው ጠርሙስ ሁሉ አብልጦ ይገዛዋል። በተለይ ወረቀቱ ያልተላጠ፣ ክዳኑ ያልጠፋ፣ ሣጥኑ አብሮት ያለ ከሆነ። አብዛኛው ለዘይትና ለማር ነው የሚሄደው፤ እናቶች ጸበል ይቀዱበታል፤ ይህ መልካም ነው። ጥቂቱ ግን ሌላ ነገር ተሞልቶ፣ ክዳኑ ታሽጎ፣ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ራሴ ተቀጥሬ በምሠራበት ቤት አንድ ሌሊት የተከፈተ ጠርሙስ የቆዳ ማቅለሚያ የሚመስል ሽታ ሲሸተኝ ለኃላፊዬ ነገርኩት። «እንግዳው ሽታውን አያውቀውም፤ ወረቀቱን ነው የሚያውቀው» አለኝ። በወሩ መጨረሻ ሥራውን ለቀቅሁ።

ስለዚህ የቀሃው ልጅ፣ ለሠርጉ የምትገዛ ከሆነ ከምታውቀው አስመጪ ግዛ፤ ሲከፈትም ቆመህ እይ፤ ካለቀ በኋላ ወረቀቱን ቅደደው። ለቡፌ የሚቀመጠውን ግን አትንካ።

---

የመድኃኒት ባለሙያዋ | ጥር 18፣ ከጠዋቱ 3፡15

ባለ ግሮሰሪው የጻፉትን አደራ በትኩረት አንብቡት። በሐሰተኛ መጠጥ ውስጥ ትልቁ አደጋ ሜታኖል ነው። ሽታውና ጣዕሙ ከተለመደው አልኮል ብዙ አይለይም። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲሰባበር የዐይን ነርቭን የሚጎዳ አሲድ ይሆናል። ሰውየው ማታ ደህና ሆኖ ተኝቶ በማግስቱ ዐይኑ ሊደበዝዝ፣ ሆዱን ሊቆርጠው፣ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። «ስካሩ አልወጣለትም» ብላችሁ አትጠብቁ፤ በሰዓቱ ሆስፒታል ከደረሰ መድኃኒት አለው። የብቅል እናት የመጀመሪያውን ጠብታ መድፋታቸው ትክክለኛ ልማድ ነው፤ ሙሉ ዋስትና ግን እንዳይመስላችሁ።

---

ማሲንቆ ወዳድ | ጥር 18፣ ከረፋዱ 4፡45

ይህን ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በእኛ ቤት ጠላ ለእንግዳ ሲቀዳ የምትቀዳው ሴት መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። «በእኔ ይሁን» ማለቷ ነው። የመጠጡ ዋስትና የቀጂዋ ከንፈር ነበር። ውስኪ ቤታችን ሲገባ ግን ያን የሚያህል ዋስ አላስፈለገውም፤ ማኅተሙን አምነን ተቀበልነው። ማንም ቀምሶ አይሰጠንም።

---

ፊልም ተመልካቿ | ጥር 18፣ ከምሽቱ 2፡00

ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ውስኪን ያስተማረን ፊልም ነው። አባቴ ፒያሳ ጣሊያን በሠራው ሲኒማ ቤት የካውቦይ ፊልም አይቶ ሲመጣ የሚያስቀን አንድ ትርኢት ነበረው፤ የበሩን መጋረጃ በትከሻው ገፍቶ ይገባና ጠረጴዛውን መትቶ «ውስኪ!» ይላል፤ እናቴ ውሃ ትሰጠዋለች፤ በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ብርጭቆውን ይገለብጣል። ያ ሁሉ ጀግንነት የነበረው ብርጭቆ ብዙ ጊዜ የቀዘቀዘ ሻይ ነው የሚቀዳበት፤ ተዋናዩ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ትዕይንት ሲደጋግም እንዳይሰክር ነው።

የእኛ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎችም ተቀብለውታል። ባለ ገንዘቡ ሰው ሊያሴር ሲል መስኮት አጠገብ ቆሞ ውስኪ ይቀዳል። ልቡ የተሰበረ ወጣት ውስኪ ይቀዳል። ሴት ከያዘችው ግን ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ተመልካቹ ወዲያውኑ «ይቺ ተበላሽታለች» ይላል። ያው ብርጭቆ ለወንድ ሥልጣን፣ ለሴት ውርደት! ስለ ሄለን ከሚንግና ስለ ብቅል እናት ካነበብኩ በኋላ ይህ ነገር ከበፊቱ ይልቅ አቃጠለኝ። መጠጡን የሠሩት ሴቶች ናቸው።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እንዳይተላለፍ ከልክሏል። መልካም አደረገ። በድራማው ጠረጴዛ ላይ የሚቆመውን ጠርሙስ ግን ልጆቻችን ማስታወቂያ ነው ብለው አያዩትም፤ ሕይወት ነው ብለው ነው የሚያዩት።

---

አዘዞ ማደሪያዬ | ጥር 19፣ ከጠዋቱ 1፡40

ቅር አይበላችሁና እኔ አልስማማም። ሰው ለአማቹ ውድ ነገር ማቅረቡ ምን ነውር አለው? አባቶቻችንስ ለእንግዳ ሲሉ ያላቸውን አንድ በግ ያርዱ አልነበር? ውስኪም ዛሬ ያ በግ ነው። ባለቤቴን ስጠይቅ እኔ ሦስት ወር ቆጥቤ አንድ ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። አማቼ እስከ ዛሬ ያን ቀን ያነሡታል። የሚያነሡት መጠጡን አይደለም፤ ሦስት ወር መቆጠቤን ነው። ይህን ከእኔ አትውሰዱብኝ።

---

የአራዳዋ | ጥር 19፣ ከጠዋቱ 2፡10

ወንድሜ፣ አንዱን ጠርሙስ ማን ነካብህ? አሥራ ሁለቱ ነው የከበደን። ሦስት ወር የቆጠበና ሦስት ዓመት የሚከፍለው ብድር የገባ ሰው አንድ አይደሉም። በዚህ ከተማ ከሠርጉ ማግስት ወርቋን የሸጠች ሙሽራ አውቃለሁ።

---

የቀሃው ልጅ | ጥር 20፣ ከምሽቱ 3፡25

ሦስት ቀን ሙሉ የጻፋችሁትን ሁሉ ለእናቴና ለወንድሜ ሳነብላቸው ነበር። ዛሬ ማታ እናቴን ደፍሬ ጠየቅኋት፤ «ያን ጠርሙስ ለምን ነው የምታስቀምጪው?»

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ አውርዳው ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ያመጣው የአባቴ ተማሪ ነው አለች። ከገጠር በእግሩ እየመጣ ይማር የነበረ፣ አባቴ ደብተርና ጫማ ይገዛለት የነበረ ልጅ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ከውጭ አገር ሲመለስ ቤቱን ጠይቆ መጣና ያን ጠርሙስ በሁለት እጁ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰጠው። አባቴ ለተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ በአረቄ መለኪያ ቀዳላቸው፤ እሱ ከንፈሩን ብቻ አስነካ። «በዚያ ሌሊት አባትህ አልተኛም፤ መምህር በመሆኑ ሲቆጭ የኖረው ሰው ያን ቀን ቁጭቱ ወጣለት» አለችኝ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ባርኔጣው ሰውዬ መስሎኝ ነበር።

አጎቴም ሰማ። ዝርዝሩን አምጣ አለኝና አሥራ ሁለቱን ሰርዞ «2» አለ። አንዱ ለሴቷ አባት፣ አንዱ ለእናቷ ወንድም። በዚህ ጊዜ ከሥሩ መስመር አላሰመረበትም። በተረፈው ገንዘብ ማሩ እንዲጨመር ተስማማን።

እህቴ ብቅል፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እናትሽ ለሠርጉ ዳግም ሊያወጡልን ይችላሉ? ለሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ነው፤ ማን እንዳወጣውም ስማቸውን ጠርተን እንናገራለን።

---

ብቅል | ጥር 20፣ ከምሽቱ 4፡05

አነበብኩላት። «ስሜን ይጠሩታል?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

እሺ ብላለች። ብቅሉ እኛ ዘንድ አለ፤ ጌሾው ግን ከዚህ ቅዳሜ ገበያ እንዲገዛ፣ እንጨቱም ደረቅ እንዲሆን። ጠርሙሶቹን እናንተ አምጡ፤ ታጥበው በፈላ ውሃ እንዲለቀለቁ፣ የጋዝ ሽታ ያለበት እንዳይኖር። ጠጁን ማን እንደሚጥለው ካልወሰናችሁ አክስቴ ሳሙና በር አጠገብ አለች፤ ብርዙን ከሁለት ሳምንት በፊት መጀመር አለባት፤ ስለዚህ ነገ ስልክ ደውልላት።

---

ስደተኛው ጎንደሬ | ጥር 20፣ ከሌሊቱ 6፡30

ለትኬት ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። የሠርጉ ቀን ከታወቀ ጻፍልኝ። ባዶ እጄን አልመጣም፤ ከዚህ ምን ላምጣላችሁ?

---

የቀሃው ልጅ | ጥር 21፣ ከንጋቱ 12፡15

እናቴ «ራሱ ይምጣ፤ ጋኑን የሚያጥን ሰው አጥተናል» ብላለች።